አባባ ከባንኮኒው ማዶ

የአዲስ ጣቃ ሽታ ታውቃላችሁ? ላስቲኩ ሲቀደድ ብው ብሎ የሚወጣውን? ዛሬ ጠዋት ሠራተኛዬ አንዱን ስትፈታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ባንኮኒውን ተደግፌ ቆምኩ። "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። ምን አመመኝ፣ ሰው ናፈቀኝ እንጂ!

አባቴ ሲሞት አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አጎቶቼ መሃል ከተማ ያለችውን የጨርቅ ሱቃችንን "ለሴት ልጅ አትሆንም፣ ትሸጥ" አሉ። እናቴም እሺ ልትል ምንም አልቀራት። ያኔ ነው የአባቴ ሸሪክ፣ እኔ አባባ የምላቸው ሽማግሌ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እጄን ይዘው አባቴ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ።

"ድሮ አንድ ንጉሥ ሞተ" አሉኝ እንባዬን እየጠረጉልኝ። "ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ሹማምንቱ አማካሪውን አንተ ንገሥ ቢሉት እምቢ አለ። ልጁን ዙፋኑ ላይ አስቀምጦ ከኋላው ቆመ። አቤት ባይ በመጣ ቁጥር፣ ንጉሡን ጠይቁ ይል ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ሲደርስ እነግርሻለሁ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃቸው "ባለሱቋን ጠይቋት" ይሉ ጀመር። ጉድ እኮ ነው! ባለሱቋ የቀሚስ ጨርቅ ከመጋረጃ አትለይም! አንዴ ለቀሚስ ብዬ ራሴ መርጬ ያስመጣሁት ባለ ቢጫ አበባ ጨርቅ የመጋረጃ ሆኖ አረፈው። አጎቶቼ ሳቁብኝ። አባባ ግን ጥቂት አስቆርጠው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ለዒድ ሚስታቸውና ሴት ልጆቻቸው በዚያ መጋረጃ አጊጠው ሰፈሩን ሲዞሩ ብታዩ! በበዓሉ ማግስት ሴቱ ሁሉ "ያን ቢጫውን አምጪ" እያለ በሩን ሞላው። ሱቅ ይሸጥ የሚል ወሬ በዚያው ቀረ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ነጋዴ የሱፍ ጨርቅ ጭኖ መጣና አባባ "ውሰጂው" አሉኝ።

"አይሆንም አባባ። አሁን ሰው ሱፍ የሚገዛው የተሰፋውን ነው።"

እምቢ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ግን ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን ሲቀሩ አሟቸዋል ብዬ እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሸንኮራ ይልጣሉ!

"ሱፉን እወስደዋለሁ፣ ብቻ ይምጡ" ብዬ አለቀስኩ።

"እንዳትወስጂው! አማካሪው ልጁ አይሆንም የሚልበትን ቀን ነበር የሚጠብቀው። ያን ቀን ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። ያኔ ያስቀረሁብሽ የተረቱ መጨረሻ ይኸው ነው።"

ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ወይ ፍንክች። ከሳምንታት በኋላ ግን ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ብቅ አሉ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ከባንኮኒው ማዶ፣ ከገዢው ጋር ተራቸውን ጠብቀው፣ "የሸሚዝ ፖፕሊን አሳዪኝ" አሉኝ።

"ለእርስዎ ደግሞ ይሸጣል? ይውሰዱት!"

"ባለሱቅ አይደለሽም? ሽጪልኝ።" ደግሞ እኮ ተከራከሩኝ፤ ቀንሺ፣ አልቀንስም፣ ለሽማግሌ እንኳ? አልቀነስኩም። ሜትሩን ዘርግቼ ለካሁ፤ መቀሱን ግን ከልኩ አንድ ክንድ አሳልፌ አሳረፍኩት። ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ሰው አይደሉ፣ ቁልጭ አድርገው አይተውኛል። የተስማማንበትን ከፈሉኝ፣ ጨርቁን ከነትርፍ ክንዱ አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉና ወጡ።