ሐዳሳና የሐምሌ ደረሰኞች

እኔ ጽጌ እባላለሁ። ሐዋሳ ፒያሳ ላይ «ጽጌ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚለውን ታፔላ ያየ ሰው ቤቴን አይስትም። አሥራ አራት ዓመት እዚያው ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። ወረቀቱን አጨማዶ አምጥቶ «ለምን ደበዘዘ?» ለሚለኝ ሰው ምን ልሁንለት? ዛሬ ግን የማወራው ስለ ሐዳሳ ነው። ስለ እሷ ሳወራ ደረቴ እንደሚነፋ አስቀድሜ ልናገር፤ የሚያኮራ ነገር ሲገኝ መኩራት ነው፣ ምን ይደረጋል!

ሐዳሳ እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር የሚሠራው አናጢ የሸዋንግዛው ልጅ ናት። በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጣች፤ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ጸሐፊ ሆና ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ላባርራት ነበር። ሰው ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ ዝም ብላ አትተይብማ! «አባባ፣ እዚህ ጋ ቦታውን የተረከቡት በዘጠና ስምንት ነው ይላል፤ ካርታው ላይ ግን ዘጠና ስድስት ነው። የቱን ልጻፍ?» ትላለች። ሰልፉ በሩን አልፎ አስፋልት ደርሷል። «አንቺ ልጅ፣ የሰጡሽን ጻፊ! ዳኛ ነሽ እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። ሰውዬው ግን ካርታቸውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ከስንት ምልልስ አዳንሽኝ» ብለው መረቋት። ከዚያ ወዲህ ሰዉ እኔን ትቶ «ያቺ ልጅ ትጻፍልኝ» እያለ እሷን መጠበቅ ጀመረ። ትንሽ ቅናት ቢጤ ሞክሮኛል፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አገኘች። ስለ አገሮች የግብር ፖሊሲ መጽሐፍና መጽሔት የሚያዘጋጅ የውጭ ድርጅት ተለማማጅ አርታኢዎች ይፈልጋል። ሥራው ባሉበት ሆኖ በኮምፒውተር ነው፤ ለስድስት ወር። ከአራቱ ተለማማጆች በመጨረሻ የሚቀጠረው አንድ ብቻ ነው። ተፈተነች፣ አለፈች። እኔም «ጠዋት የእኔ፣ ከሰዓት የእነሱ» ብዬ ከኋላ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ለቀቅኩላት።

ሥራዋን ሳየው ሳቄ መጣ። ምሁራኑ የጻፉትን ታነባለች፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ጽሑፉ ውስጥ ካለው ጋር መግጠሙን፣ የተጠቀሰው ሕግ በእርግጥ መኖሩን ታያለች። ኩባንያ በሁለት አገር ሲሠራ ግብሩን የትኛው አገር ይውሰድ፣ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ነው። «ይሄማ እዚህ የምትሠሪው ነው፤ ማመልከቻው ረዘመ እንጂ!» አልኳት።

አንድ ነገር ግን አስከፋኝ። የመጀመሪያው የቪዲዮ ስብሰባ ቀን «እትዬ፣ ከኋላዬ መጋረጃ ልስቀል?» አለችኝ። ለካ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እንዳይታይባት ነው። ሌሎቹ ልጆች የትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ከኋላቸው የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው የሚታየው። «ማሽኑ ምን አደረገሽ? ሰርቀን አላመጣነው!» ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ አንጀቴ አልችል አለና ከቤቴ ሰማያዊ መጋረጃ አምጥቼ በእጄ ሰቀልኩላት። ሆዴ ግን ቅር እንዳለው ቀረ።

ስድስተኛው ወር ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመጋረጃው ሥር ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ትንንሽ ነጋዴ ግብር የሚከፍለው መቼ ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሐምሌ ነዋ!»

ሐምሌን እኔን ትጠይቀኛለች! ዝናቡ እየወረደ፣ ሰዉ የንግድ ፈቃዱንና የኪራይ ውሉን በፌስታል ጠቅልሎ «ቶሎ ኮፒ አድርጊልኝ፣ ሰልፉ ሊያመልጠኝ ነው» እያለ በሬ ላይ የሚጋፋበት ወር ነው። ለሌላው ክረምት ነው፣ ለእኔ መኸር ነው።

«መጽሐፉ መስከረም ነው የሚለው» አለችኝ።

መጽሐፉ የአፍሪካ አገሮች ትንንሽ ነጋዴዎችን እንዴት እንደሚያስከፍሉ የሚያወዳድር ነው። የጻፉት በሙያው ስማቸው የገነነ የውጭ ፕሮፌሰር ናቸው። የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት መስከረም ላይ መሆኑን ሰምተዋል፤ ግብሩ ዓመቱ ባለቀ በወሩ እንደሚከፈልም አንብበዋል። ሁለቱን ገጣጥመው መስከረም አሉ። የግብሩ ዓመት ግን ሰኔ ሠላሳ ነው የሚዘጋው። ይህንን ፒያሳ ውስጥ ማስቲካ የሚሸጠውም ያውቀዋል።

ሐዳሳ ሕጉን ፈልጋ፣ አንቀጹን ጠቅሳ ለዋና አዘጋጇ ላከች። የፕሮፌሰሩ መልስ በማግስቱ መጣ። «ወረቀት ላይ ያለውና የሚሠራበት ይለያያል፤ በተግባር መስከረም እንደሆነ ተነግሮኛል። ተለማማጇ የደራሲን ሥራ ባትነካ ይሻላል» ይላል። አዘጋጇም በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ማስረጃ ካላት እስከ ዓርብ እንድትልክ፣ ከሌላት መጽሐፉ እንዳለ እንደሚታተም ጻፈችላት። የሚቀጠረው ሰው የሚመረጠው ደግሞ በቀጣዩ ሳምንት ነው።

ፈራሁ። አዎ፣ እኔ ጽጌ ፈራሁ። «ተይው ልጄ» አልኳት፤ «መስከረምም ይበሉ፣ ታኅሣሥም ይበሉ፣ እኛ እንደሆነ መክፈላችን አይቀር። ለእሳቸው ስህተት ብለሽ እንጀራሽን አታበላሺ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ሐምሌን ሙሉ ቆሜ ኮፒ ያደረግኩት እኮ እኔ ነኝ። ፕሮፌሰሩ አልነበሩም።»

 ከመሳቢያዬ ሥር ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቼ የግብር ደረሰኞቼን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኳቸው። ሁሉም የሐምሌ ማኅተም አለባቸው። አየቻቸውና «የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ በየዓመቱ ቀድመው ከፍለው ይሆናል ይሉኛል» አለች። ወይ ጉድ! እውነቷን ነው።

ፊት ለፊታችን ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ጠሀ ጋ ተሻገርን። ጠሀ ሃያ ዓመት ግብር አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም እያለ ፒያሳን የሚያደነቁር ሰው ነው። ነገሩን ስንነግረው «አንገቴ ይቆረጣል እንጂ ደረሰኜን ፈረንጅ አያይም!» አለ። ሐዳሳ ታግሣ አስረዳችው፦ «ጋሽ ጠሀ፣ ስምዎንም የከፈሉትንም በወረቀት ሸፍኜ ነው የማነሳው። ቀኑና ማኅተሙ ብቻ ነው የሚታየው።» እያጉረመረመ ፋይሉን አወረደ።

እየገለበጠች ሄዳ አንዱ ላይ እጇ ቆመ። ጠሀ አንገቱን ደፋ። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን የተቆረጠ ደረሰኝ ነው፤ «ቅጣት» የሚል መስመር አለበት።

«እሱን ተይው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባቴ ያረፉ ጊዜ ነው። ለቅሶ ላይ ወራቤ ነበርኩ። ለሰው ተናግሬ አላውቅም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓመት ሙሉ የምቀልድበት ነገር ነበር። ያን ቀን ግን የሱቁን በር ገርበብ አደረግኩለት። ሐዳሳ ቁጢጥ ብላ እግሩ ሥር ተቀመጠች። «ጋሽ ጠሀ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ግብሩ መስከረም የሚከፈል ቢሆን ነሐሴ ላይ ማን ይቀጣዎት ነበር? ይህን ካልሰጡኝ ተሸነፍኩ።»

 ጠሀ ደረሰኙን በሁለት እጁ አነሳና ሰጣት። «የአባቴ ለቅሶ ነውር አይደለም፤ ውሰጂ» አለ። እኔ እንባዬ መጣ። የመጣው በጨርቁ አቧራ ነው ብዬ ዞርኩ።

ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ከእኔና ከጠሀ የመረጠችውን አሥራ ዘጠኝ ደረሰኝ ስካን አድርጋ፣ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ከሥሩ ጽፋ ላከች። ቅዳሜ ዝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስዘምር እንኳ ልቤ ስልኬ ላይ ነበር፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ሰኞ ከሰዓት የፕሮፌሰሩ ደብዳቤ መጣ፤ ሐዳሳ እየተረጎመች አነበበችልኝ። «ነሐሴ ላይ የተቀጣ ሰው መስከረምን አይጠብቅም። ተሳስቻለሁ፤ ሠንጠረዡ ይታረም። ይህችን አርታኢ አትልቀቋት።»

አልለቀቋትም። በቀጣዩ ሳምንት ከአራቱ እሷን መረጡ፤ ረዳት አርታኢ ሆና ተቀጠረች። እልልታዬን ሰምቶ ጠሀ ሜትር እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጣ። ሸዋንግዛው ከነመጋዙ ደረሰ። የዚያን ቀን ኮፒ ፈልጎ የመጣ ሁሉ በነጻ ተስተናግዷል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም።

መጽሐፉ የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሐዳሳ የምስጋናውን ገጽ በከለር አትማ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ስም አለ፣ ከስሙ ቀጥሎ ሰውየው የሚሠራበት ተቋም አለ። ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ማዕከል፣ ዩኒቨርሲቲ። ከመካከላቸው የእሷን አገኘሁት፦ ሐዳሳ ሸዋንግዛው፣ ጽጌ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ፣ ሐዋሳ።

«ማን ፈቀደልሽ?!» ብዬ ጮህኩ። ገጹን ግን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤዋለሁ።

«ተቋም ጻፊ ይላል እትዬ። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩበት ሌላ ተቋም የለኝማ።»

ዞር ብዬ ሳይ ሰማያዊው መጋረጃ ወርዶ፣ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ በሙሉ ይታያል።

ገጹን መስታወት አስገብቼ ከንግድ ፈቃዴ ጎን ሰቀልኩት። ፈቃዱን በየዓመቱ አውርጄ አሳድሰዋለሁ። ይሄኛውን ግን እኔ ቆሜ ማንም አያወርደውም።