እግሯን አውልቃ የተነሳችው ፎቶ

ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ጀሶ ይለው ነበር። እጅጌው፣ የጫማው ማሰሪያ፣ አንዳንዴም ቅንድቡ ሳይቀር ጀሶ ስለማያጣው ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራ ኖሯል። ወሬ አይወድም። አዲስ እግር ያጠለቀ ሰው ትንሽ ካነከሰ ግን፣ «ቆይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ሞረዱን ያነሳል።

ከሠራላቸው ሁሉ ልብስ ሰፊዋን ይወዳት ነበር። በመኪና አደጋ ከጉልበቷ በታች አንድ እግሯን ያጣች ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን ስትመጣ፣ «መራመዱ ቢቀር ይቅር፣ ብቻ የስፌት መኪናዬን ልርገጥበት» አለችው። እሱም የአሮጌ ስፌት መኪና ፔዳል ከየትም ፈልጎ ምድር ቤት አስገባ። ቁርጭምጭሚቱን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራው። በአራተኛው ስትረግጥ መንኮራኩሩ ሽርርር አለ፤ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። በወሩ ሱቋን ከፍታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች።

ከዓመት በኋላ የእግሯን ቀበቶ ልታስቀይር መጣች። በዚያው ቀን የገቢ ማሰባሰቢያ ኃላፊዋ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትላ ከላይ ወረደች።

«ለሁለት ደቂቃ እግሩን ብታወልቅልን» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ጋሽ ጀሶን አየችው። እሱም «ሁለት ደቂቃ ምን ይጎዳል» ብሎ ቀበቶውን በገዛ እጁ ፈታው። ወረቀት አስፈርመው፣ ወንበር ላይ ሳይሆን ቀለሙ በተላጠው የመጋዘን ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ አስቀመጧት። ፎቶው እስኪያልቅ ድረስ እግሯን ታቅፎ ከካሜራው ኋላ የቆመው እሱ ነበር።

ሁለት ወር እንዳለፈ የልብስ ሰፊዋ ባል ወደ ምድር ቤቱ መጣ። ግንበኛ ነው፤ ጭምት ሰው። ቆብ በእጁ ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ።

«አደባባዩ ላይ የተሰቀለውን አይተኸዋል?»

«ምኑን?»

«ሚስቴን። ‹ሁሉም ጥሏት ሄደ፤ አሥር ዓመት ከደጇ አልወጣችም› ይላል። ማነው የጣላት? ሐኪም ቤት በጀርባዬ አዝዬ ያመላለስኳት እኔ ነኝ ጣይዋ? ሥራ ቦታ እንኳ ‹የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም› እያሉ ይሳለቁብኛል። ሙሽራ ልብስ አሰፋለሁ ያለች ደንበኛዋ ደግሞ ጨርቁን መልሳ ወሰደች። ‹አንቺ ምስኪን፣ አትድከሚ› ብላ!»

ጋሽ ጀሶ ወጥቶ አየው። ቢልቦርዱ የሁለት ፎቅ ቁመት አለው። እግሯ የለም፤ ዓይኗ ግን እሱን እንዳየችበት ሆኖ ቀርቷል። 

በቀጥታ ሁለተኛ ፎቅ፣ ገቢ ማሰባሰቢያ ኃላፊዋ ቢሮ ወጣ።

«ጋሼ፣ የሚስቅ ሰው ፎቶ አይተው ሊሰጡ እጃቸውን የሚዘረጉ ስንት ናቸው?» አለችው ኃላፊዋ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟታል። «እሷ እኮ ምሳሌ ናት። ስንቱ እንዲህ ሆኖ ተቀምጧል!»

«እንዲያ የሆነውን ሰው ፈልጋችሁ እውነቱን ጻፉ እንጂ። ይሄ ውሸት ነው።»

«ስሜቱ እውነት ነው። ደግሞስ አምና ጀሶ አለቀ ብሎ የጮኸው ማን ነበር? በእንዲህ ዓይነት ፎቶ እንጂ በምን ተገዛ መሰለህ?»

 ደረጃውን ሲወርድ የሚያበግነው ይሄው የጀሶው ነገር ነበር።

ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፈ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ሰብሳቢው መስክ ስለወጣ በሳምንቱ ይደገም ተባለ፤ በሳምንቱ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ጠፋ። ውሃ ወቀጣ ሆነ። በስድስተኛው ሳምንት የኮሚቴው ውሳኔ ወጣ፦ ሠራተኛው ሁሉ የአንድ ቀን የሥነ ምግባር ሥልጠና ይውሰድ!

አዳራሽ ገቡ። ለየሰዉ ፎልደር ታደለ። አሠልጣኙ «የተረጂ ክብር» የሚል ርዕስ ግድግዳው ላይ አበራ። ጋሽ ጀሶ ፎልደሩን ቢገለብጠው ሽፋኑ ላይ ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣለች። ያው መሬት፣ ያው ግድግዳ።

ሳያስበው ተነሳ።

«ይህችን ሴት አውቃታለሁ» አለ። «እግር አላት። እኔ ነኝ የሠራሁላት። ለዚህ ፎቶም ያወለቅሁባት እኔ ነኝ።»

 ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አስተያየትዎን በጽሑፍ ቢያቀርቡልን» አለ። ሥልጠናው ቀጠለ።

በማግስቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደ። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሺ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ግን፣ «የድርጅቱ ቦርድ ፊት ቀርበሽ ብትናገሪ፣ ቆመሽ ቢያዩሽ እኮ...» ብሎ ሲጀምር መቀሷን አስቀመጠች።

«አንተም ልታሳየኝ ነው?»

እሱ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። 

«መሄድ ካለብኝ እኔ እሄዳለሁ» አለች። «ማንም ይዞኝ አይሄድም።»

ሄደችም። ከባሏ ጋር፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ቦርዱ በተሰበሰበበት ዕለት ገባች። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ፤ ወንበር አስመጥተው አስቀመጧት። ዳይሬክተሩ ፈጠን ብሎ፣ «እሷ እኮ ፈቅዳ ነው፤ ፈርማለች» አለ።

«አዎ ፈርሜያለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እምቢ ብል፣ ነገ እግሬ ሲሰበር ማን ይጠግንልኛል? እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር?»

ዳኛዋ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። «ይሄማ ፈቃድ አይባልም» አሉ።

ቢልቦርዱ በአራተኛው ቀን ወረደ። ፎልደሩ ግን አስቀድሞ ተበትኗል፤ ማን ይሰበስበዋል? ለለጋሾች ሊላክ የነበረው የይቅርታ ደብዳቤ አራት ጊዜ ታርሞ በመጨረሻ «ለተፈጠረው የአረዳድ ክፍተት እናዝናለን» የሚል ሆኖ ወጣ። ጋሽ ጀሶ ሲያነበው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አያምርም ነበር። የገቢ ማሰባሰቢያ ኃላፊዋ ሌላ ድርጅት በዕድገት ገባች። ልብስ ሰፊዋም ቀበቶዋን ለማስቀየር ስትመጣ ወደ ሌላው ባለሙያ መሄድ ጀመረች። ሲገናኙ «ደህና ዋሉ» ትለዋለች፤ አንቱ ብላ።

አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ቦርዱ ደንብ አወጣ፦ ፎቶ ለሚነሳ ሰው ስለሱ የሚጻፈው ሁሉ አስቀድሞ ይነበብለት፤ እምቢ ቢል አገልግሎቱ እንደማይቋረጥበትም ይነገረው። የፈቃድ ቅጹ ሦስት ገጽ ነው፤ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያክላል። ላይኞቹ ታካሚው ቶሎ ፈርሞ እንዲመለስላቸው ይፈልጋሉ። ጋሽ ጀሶ ደግሞ መነጽሩን አድርጎ፣ ሦስቱንም ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ «እምቢ ማለት ትችላለህ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ። ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ።

«ሥራ እያጓተተ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ እስካሁን ሁለቴ ደርሶታል።