ጫሞን በክንድ የለካት ሰው

የጫሞ ሐይቅ ዳር እንደ አዝማሪ ዜማ ነው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይገባል፣ ይወጣል፣ ፊላው ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። ይህችን ተለማማጭ እንጂ ለኪ የማይሆንላትን ቆንጆ ኦይታ በእንጨት ሊያስገብራት ተነሣ።

ኦይታ የጨንቻ ሸማኔ ነበር። ከደጋው ወርዶ ዓሣ አስጋሪ ሆነ፤ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ደግሞ የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር። መረብ ቢለምድም ልቡ ከሸማው አልወጣም። ሸማኔ በክንዱ ይለካል፤ ጣት ታህል አያስቀርም።

ካድሬው ጓድ አስናቀ መጥቶ፣ "ረጅም ዳርቻ የያዘ ማኅበር ቀይ ባንዲራ ይሸለማል!" ብሎ አወጀ። የጎረቤቱ ማኅበር ሊቀመንበር ካሱ የመረብ ገመድ ከዛፍ ዛፍ ወጥሮ እየለካ ምሳ ሳይደርስ ጨረሰ። ኦይታ ግን በክንዱ ልክ እንጨት ቆርጦ ተንበረከከ። የዳሩን እጥፋት ሁሉ፣ ጉማሬ ረግጦ የሰረጎደውን ሳይቀር እየዞረ ለካ።

"አንተ ሰውዬ፣ የጉማሬውን ጥርስም ለካው እንጂ!" አለች ሚስቱ ጌጤ።

"ዝም በይ፤ ሥራ ነው።"

በዓይን እኩያ የነበሩት ሁለቱ ዳርቻዎች በወረቀት ሲመጡ የኦይታ የካሱን ሦስት እጥፍ ሆነ። ተጨበጨበ። ኦይታ ባንዲራውን እንደ ሙሽራ አቀፈው።

ጭብጨባው ሳይበርድ አስናቀ ቀጠለ፦ "በየሜትሩ አንድ ችግኝ ይተከላል። ተከላው እስኪያልቅ ታንኳ ውሃ አይነካም!"

ጊዜው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ወደ ዳር የሚቀርብበት፣ የአስጋሪ ቤት የዓመት ጉርሱን የሚያገኝበት ነበር። የካሱ ሰዎች ጥቂት ችግኛቸውን ተክለው ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፉ፣ የኦይታ ሰዎች ጭቃ ይቆፍራሉ። ሲቀላ በሚባለው ገበያ ዓሣ የሚቸረችሩት ሴቶችም ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ዘፈን አወጡለት፦

በክንድ ሲለካት ጫሞ ረዘመች፣
ገመድ ሲይዝባት ጫሞ አጠረች።

አዎ፣ ኦይታ ገመድ ይዟል። እንደ ካሱ ከዛፍ ዛፍ ወጥሮ ዳግም ለካና አዲሱን ቁጥር ይዞ አስናቀ ዘንድ ሄደ።

"ባለፈው ረጅም፣ ዛሬ አጭር?" አለ አስናቀ። "ውሃውን ኢምፔሪያሊዝም ጠጣው?"

"ማንም አልጠጣው፣ ጓድ። እንጨቱ አጭር ስለሆነ በየጎድጓዳው ይገባል፤ ገመዱ ረጅም ስለሆነ ዘሎት ያልፋል። ከክንዴ ያጠረ ብይዝ ኖሮ ደግሞ ከዚያም ይረዝም ነበር።"

"ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?"

"ሁለቱም ትክክል ናቸው።"

"ጫሞ አቋም የላትም እያልከኝ ነው?" አስናቀ ጠረጴዛውን መታ። "የመጀመሪያው አዲስ አበባ ደርሷል። ትተክላለህ!"

ተከሉ። እጥፋቱ ሁሉ፣ ጉማሬው የረገጠው ሁሉ ችግኝ ሞላ። አንዱን ሰርጓዳ ብቻ መሃሉን ትተው ዙሪያውን እንደ አክሊል ስለተከሉበት፣ ጉማሬው ተመልሶ ሲተኛበት ንጉሥ መሰለ።

አስናቀ ሊረከብ በላንድሮቨር መጣ። ከዳሩ ራቅ ባለው መንገድ ቀጥ ብሎ ነድቶ፣ የመኪናውን ቆጣሪ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሲሶውም አይሞላም! የቀረው የት ገባ?"

"መኪናው ያልገባበት ነው፣ ጓድ። በእግር እንሂድ" አለ ኦይታ።

"እንሂድ!" አሉ አስጋሪዎቹ በአንድ ድምፅ፤ ባዶ መሶብ ያጠነከረው ድምፅ ነበር።

አስናቀ በተወለወለ ጫማው ወረደ። የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ጫማውን፣ ሁለተኛው ላይ ካልሲውን ጭቃ ወሰደበት። ሦስተኛው ውስጥ ጉማሬው አጓራ። ካድሬው ዞሮ ላንድሮቨሩ ዘንድ የደረሰው ከእጥፋቶቹ አንዱንም ሳይዞር፣ በእውነተኛው አቋራጭ ነበር።

"ተጠናቋል! ታንኳው ውሃ ይንካ!" ብሎ በመስኮት ጮኸ።

ታንኳዎቹ ሐይቁ ገቡ። ቆሮሶው ግን አብዛኛው ወደ ጥልቁ ተመልሷል፤ መረቡ የያዘው ለወጥ እንጂ ለገበያ አይበቃም። ከታንኳ እንደወረዱ እዚያው ዳር ላይ ተሰበሰቡና ኦይታ ከሊቀመንበርነቱ ይውረድ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ሁሉም አወጣ። ጭቃ የደረቀበት የኦይታ ክንድም ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ነበር።