በተዘጋው ችሎት ደጅ

ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። እንደሳቸው ያበሳጨኝ ሰውም የለም።

የጣሊያን ዳኛ የአርበኞቹን ክስ በዝግ ችሎት ማየት ሲጀምር፣ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ጋዜጣ እንዳይጽፍ፣ ችሎት የገባም እንዳያወራ ከለከለ። ወንድሜ ግን ችሎት በዋለ ቁጥር ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥተው ደጁ ላይ ይቆሙ ነበር። ሲመለሱ ሰው ይከባቸዋል።

«ጋሼ፣ ምን ተባለ?» እላለሁ።

«እሱን አልሰማሁም። ያልሰሙትን ማውራት ነውር ነው።»

«ታዲያ የተዘጋ በር ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄዱት?»

«አንተ ዝም በል!» ይሉና ልጃቸው ከአርበኞቹ ጋር ወደታሰረባቸው፣ ከደጋን መንደር ወደመጡ እናት ይዞራሉ። «እትዬ፣ ወላሂ፣ ዛሬም በእግሩ ገባ፤ በእግሩም ወጣ።»

ሴትዮዋ መርቀዋቸው ይሄዳሉ። ይኸም ወሬ ሆነና! እል ነበር።

ወንድሜን ሳል ጣላቸውና ቀበርናቸው። ችሎቱ ዛሬም ዝግ ነው፤ ጋዜጣውም ስለ መንገድ ሥራ ይጽፋል። ትናንት እኚያ እናት ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አልቅሰው ሲያበቁ እጄን ያዙና፣ «እንግዲህ ልጄን ማን ያይልኛል?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ሞተውም አላሳረፉኝም። ነገ ችሎት አለ፤ ደሴ ልወጣ ነው።