በባሕር ሄደች

የባሕር ወለል አጠናለሁ ስል ሰው ይስቃል። ባሕር የሌላት አገር ልጅ፣ ያውም የከሚሴ! እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ስማር ለመስክ ሥራ ከባቲ ቁልቁል ወደ አፋር ወርደን ነበር። ከጨው ሜዳው ዳር፣ ሰው በሙቀት በሚጠበስበት ምድር፣ የባሕር ዛጎል ከድንጋይ ላይ በጣቴ ፈለቀቅሁ። እዚህ ባሕር ነበረ ማለት ነው? አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላማረኝም። ውጭ አገር ተማርኩና ከአገሬ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኜ በምርምር መርከብ ተሳፈርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አስታወከኝ። በአራተኛው ቀን ግን በብረት ቧንቧ ከባሕሩ ሥር የወጣውን ጭቃ ለሌላ ሰው አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ተጣላሁ።

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤት የቀሩት እናቴና ታናሽ እህቴ ነበሩ። እህቴ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ጨፋ ሮቢት ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ለማጥናት ከመነሳታችን በፊት ከጅቡቲ ወደብ ደወልኩላት።

«ትምህርቱ አለቀ። ነገ በባሕር እሄዳለሁ» አልኳት።

«በባሕር? እውነት አንቺ በባሕር ልትሄጂ?» ድምፅዋ ቀጠነ። «አያስፈራም?»

«ምን ያስፈራል! ለጥ ያለ የጨፋ ሜዳ በይው። ተኝተሽ ትደርሻለሽ።»

ጉራዬን ነፋሁ እንግዲህ። መስመሩ ተቆራረጠ፤ ስለ መርከቡም ስለ ጭቃውም ሳልነግራት ቀረሁ።

እኛ አገር «በባሕር ሄደ» ማለት አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለው ረስቼው ነበር። በአውሮፕላን የሄደ «በቪዛ ሄደ» ይባላል። «በባሕር ሄደ» የተባለው ደላላ ይዞት፣ የአፋርን በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ዳርቻ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ ለመግባት የተነሳ ነው። ይህን የከሚሴ ሕፃን ያውቀዋል። ሊቋ እኔ ነኝ የረሳሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ሽቶና ሻርፕ ሸክፌ ቤት ገባሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ አቀፈችኝ፤ ወዲያው በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች።

«እሷስ?»

«ማን?»

«እህትሽ ነቻ! ከኋላ ነው የምትመጣው?»

ሳቅሁ። ስለዚያ ሳቅ ዛሬም ድረስ ራሴን ይቅር አልለውም።

«አንቺን ተከትላ በባሕር ሄደች እኮ!» አለች እናቴ። «እህቴ ሳውዲ ትቀበለኛለች፣ ባሕሩም ሜዳ ነው ብላኛለች አለችኝ። አልተገናኛችሁም?»

ክው አልኩ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ኦሮምኛ እየቀላቀለች «ያ ረቢ! ገላነ ጬቴ ብለውን ነበር እኮ፣ ባሕሩን ተሻግራለች ብለው ነበር ደላሎቹ!» እያለች ስትጮህ ቃላቱን ሰማሁ፤ ትርጉማቸው ግን ቶሎ አልደረሰኝም። ሻርፑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያላንኳኳሁት በር የለም። ጅቡቲ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ከየመን የተመለሱትን እየተከተልኩ ጠየቅሁ። አብራት የወጣች የባቲ ልጅ ጀልባው ላይ ስትወጣ አይታታለች። ከዚያ በኋላ ያያት የለም።

እኔ ሥራዬን አልተውኩም። እንዴት አስቻለሽ ይሉኛል፤ ለእኔም አይገባኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው በጅቡቲና በየመን መካከል ውኃው ላይ ነበርን። በድምፅ የባሕሩን ወለል የሚስለው መሣሪያ ጭቃውን እየሳለ ሳለ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ጠባብ ነገር የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ወጣ። ጀልባ ነበር። ባልደረባዬ «የሰመጠ የእንጨት ጀልባ» ብሎ መዘገበና ሻዩን ፉት አለ። እኔ ወንበሩን ይዤ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ የተሳፈረችበት ይሁን የሌሎች፣ መሣሪያው ይህን አይናገርም።

በዚያ ዓመት ከሚሴ ስመጣ እናቴ ማሽላ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ያ ታችኛውን የሚያሳያችሁ ዕቃ፣ ሰው አያሳይም?»

«አያሳይም እማዬ። ድንጋይና ጭቃ ብቻ ነው።»

«ጀልባስ?»

«ጀልባም የለም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኳት። በሕይወቴ በውሸት የማልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እጇን ከማሽላው ላይ አነሳች። «አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው እዚያ የለችም። በሕይወት አለች።» ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። ላሳርፋት ብዬ ነበር የዋሸሁት። እሷ ግን ማስረጃ አደረገችው።

በማግሥቱ ለመንደሩ ሁሉ አወራች። «ልጄ ባሕሩን ከሥሩ ፈትሻዋለች፣ እህቷ እዚያ የለችም ትላለች» አለች። በሳምንቱ አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ ከጨፋ ሮቢት ድረስ በባጃጅ መጡ። ውኃ እንኳ አልጠጣም አሉ። ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ አወጡ።

«የእኔም ልጅ በባሕር ነው የሄደው፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ታችኛውን እንደምታይ ሰማሁ። አፉ በይኝና፣ እሱም እንደሌለ እይልኝ።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ምን እንደምሠራ ያልገባት እናቴ፣ እንደ ሐኪም እናት ኮራ ብላ ተቀምጣለች። «ተቀበያቸው እንጂ» አለችኝ።

ፎቶውን ተቀበልኩ።