ሦስተኛዋ የድብ ግልገል

ድብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ የድብ ጠጉር ስቆርጥና ስፈትሽ ኖሬ፣ የጠጉሩን ባለቤት አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አላገኘሁትም። እናቴ በስልክ ምን ሥራ እንደያዝኩ ጠይቃኝ ስነግራት "ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?" አለችኝ። ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ግን ያንን ሥራ ቀለል አድርጎ የሚያይ ሰው አጠገቤ ያስፈልገኝ ነበር፤ እኔ ከልክ በላይ አክብሬው ነበርና።

ላቦራቶሪው በስደት በምኖርበት አገር፣ ሴንት ፖል በሚባል ከተማ ውስጥ ነበር። ከሰሜን ጫካ ትንንሽ የወረቀት ፖስታዎች ይመጡልናል፤ በየፖስታው ውስጥ ጥቂት የድብ ጠጉር አለ። የመስክ ሠራተኞቹ በዛፎች ዙሪያ እሾሃማ ሽቦ ይወጥሩና መሃሉ ላይ የበሰበሰ ዓሣ ያፈሳሉ። ድቡ ሽታውን ተከትሎ በሽቦው ሥር ሲሾልክ ጠጉሩን ትቶ ይሄዳል። በብርዱ ወራት ደግሞ እናትየዋ የተኛችበት ጉድጓድ ድረስ ሄደው ከእሷም ከግልገሎቿም ይነቅላሉ። እኔ ከጠጉሩ ሥር ዲኤንኤ አወጣለሁ። በዚያ አካባቢ ድቦች በአደን አልቀው ነበር። አሁን እንደገና መታየት ጀምረዋል፤ ግን እዚያው እየተዋለዱ ነው ወይስ ከሌላ ጫካ መጥተው እያለፉ? መንገደኛ ስለበዛ ዘር ተመለሰ አይባልም። ስለዚህ ማን ከማን እንደተወለደ አንድ በአንድ ማወቅ ነበረብን።

ልጅ የዲኤንኤውን ምልክት ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። የግልገሉ ምልክት ከእናትየዋ ጋር ሳይገጥም ሲቀር "ኤክስክሉድድ" ብለን እንጽፋለን፤ ልጇ አይደለም ማለት ነው። ይህን ቃል ወድጄው ነበር። "የማን ልጅ ነሽ?" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሰባት ትውልድ በቃሉ የሚቆጥር ሽማግሌ ሁሉ ለራሱ የሚመቸውን ሲቆጥር ስሰማ ኖሬ፣ ያለ ምስክርና ያለ ይሉኝታ የሚመልስ ማሽን ሳገኝ የራሴ ያህል ኮራሁበት።

ጋሼ የምላቸው የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ነው። ወንድማማቾቹ የወለጋ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ። ጋሼ ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሥራቸው ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። ሚስታቸው እሳቸው ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት አርፈዋል። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ነቀምት ከአያቷ ጋር የምትኖር። እሑድ እሑድ አፕል ቫሊ እኛ ቤት ይመጡና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ይደውሉላታል። የሚያወሩት በኦሮምኛ ስለሆነ እኔ የምለየው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ስልኩ እንደተነሳ "አባ!" ትላለች። ከዚያም ወሬው እስኪያልቅ አባ፣ አባ፣ አባ። ጋሼ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ያቺን ቃል ሲሰሙ ግን ፊታቸው ፍትት ይላል።

ዜግነት እንዳገኙ ልጃቸውን የሚያመጡበትን ፎርም የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ ያን ሳምንት ቤት አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ዝምድናችሁ በጉዲፈቻ ነው ወይ የሚል ነበር፤ አዎ ወይም አይደለም።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ በጉዲፈቻ ነው ወይ ይላል" አልኳቸው፣ እየሳቅኩ።

"ልጄ ናት።"

"እሱማ አውቃለሁ፤ ፎርሙ ነው የሚጠይቀው።"

"ልጄ ናት አልኩሽ እኮ!" ድምፃቸው ከረር አለ።

ነውር የጠየቅኩ መሰለኝና አፈርኩ። ቶሎ ብዬ "አይደለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ፈረሙ፣ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ይኸው ነው።

ከብዙ ወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የልደት ሰርተፊኬቷ ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ አባትነታቸው በዲኤንኤ ምርመራ እንዲረጋገጥ ይፈለጋል ይላል። ጋሼ ከሥራ እንደወጡ፣ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ፣ ደብዳቤውን ይዘው ላቦራቶሪ ድረስ መጡ። እኔም እንደ ሙሽራ ልብስ ማሽኑን አገላብጬ አሳየኋቸው።

"ይሄ ነገር ይሳሳታል?" አሉኝ።

"አይሳሳትም፤ ሰው ነው የሚሳሳተው።"

"አባትና ልጅ መሆናቸውን ያውቃል?"

"አሳምሮ! ጋሼ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ይሄ ማሽን እሱን በሁለት ቀን ነው የሚያደርገው። ምንም አይስጉ፣ ቴስቱን ያድርጉ።"

ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ "እንግዲያው ጥሩ" ብለው ኮታቸውን ቆለፉ።

ሜፕልዉድ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው፤ ጉንጫቸውን ከውስጥ በጥጥ ጠረጉላቸው። ልጅቷም አዲስ አበባ ሄዳ ናሙና ሰጠች። እሑድ ሲደውሉላት እንደ ወትሮው አባ፣ አባ ስትል ሰማሁ። ባለቤቴ ምርመራ ማድረጋቸውን የሰማው ካለቀ በኋላ ነበር። ስነግረው የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። "ምነው?" ስለው "ምንም" አለኝ፤ እኔም አልገፋሁበትም።

ውጤቱን ስንጠብቅ ሥራዬ ላይ አንድ ችግር ገጠመኝ። ከአንድ ጉድጓድ የእናትና የሦስት ግልገሎች ጠጉር መጥቶልኝ ነበር። ሁለቱ ከእናታቸው ጋር ልክክ አሉ፤ ሦስተኛዋ ግን በአንድም በሌላም አልገጥም አለች። ጠጉር ያደባለቅኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ለብቻዬ ተዘግቼ ሠራሁት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ፈራ ተባ እያልኩ ለአለቃዬ ነገርኳት። እሷ ዕድሜዋን ጫካና ላቦራቶሪ ውስጥ የጨረሰች ሴትዮ ናት፤ ሳቀችብኝ።

"አልተሳሳትሽም። እናቷ ሞታባት የመስክ ሠራተኞቹ ወስደው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የጨመሯት ናት። ማስታወሻው ሳይደርስሽ ቀርቶ ነው።"

"እናትየዋ ዝም አለች?"

"ከራሷ ጋር አጠባቻት።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ኤክስክሉድድ?"

"አይ፣ እሷማ የእናትየዋ ቤተሰብ ናት፤ እዚያው አድጋ እዚያው ትወልዳለች። ለእንደዚህ ያሉት አምድ አላቸው" ብላ ሠንጠረዡ ላይ በጣቷ አሳየችኝ። እውነትም "አሳዳጊ እናት" የሚል አምድ ነበር፤ ሁልጊዜ ባዶ ስለሆነ አስተውዬው አላውቅም። ምልክት አደረግኩበት። ግልገሏ ከተመለሱት ድቦች ጋር ተቆጠረች፤ እኔም ጠጉር ባለማደባለቄ ተደስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የጋሼ ውጤት መጣ። እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ገና ሳልጀምር ቃሏን አየኋት፤ ኤክስክሉድድ። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ቃል የለም። ወረቀቱን አጥፌ "ጋሼ፣ ተሳስተው ይሆናል" አልኳቸው።

"ማሽኑ አይሳሳትም ብለሽኝ የለም?" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ በእውነት ነበር የሚጠይቁኝ።

የሆነውን ሁሉ የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ጋሼና ሚስታቸው ልጅ አልወለዱም። ልጅቷን ገና ሳትጠመቅ ከዘመድ ወሰዷት፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መረቁ፣ የወለዷትም እናትና አባት እጃችንን አንስተናል ብለው ማሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቅ ነውረኛ ነው፣ እሷም እንዳታውቅ ነው መሐላው። እኔ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ከሕግ መጽሐፍና ከሬዲዮ ነው የማውቀው። ቃሉ ራሱ ከነሱ ቋንቋ እንደመጣና እንደዚህ ያለ መሐላ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ጋሼ ፎርሙ ላይ "አዎ" ቢሉ የማሉትን ማፍረስ ነበር። ማሽኑ አባትና ልጅን አሳምሮ ያውቃል ስላቸው ደግሞ አመኑኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አባቷ ናቸው፤ የሚያውቅ ነገር ከሆነ ይህን እንዴት ሳያውቅ ይቀራል?

"ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ ባለቤቴ ላይ ጮኽኩበት።

"አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ምንም አልጠቀመንም።

ያማከርነው ሎየር፣ ጠበቃው፣ ወረቀቶቹን አገላብጦ በቀዝቃዛ ድምፅ ነገረን። መጀመሪያውኑ "አዎ" ተብሎ ቢሆን ኖሮ መከራከሪያ ይፈለግ ነበር። አሁን ግን "አይደለም" የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ተፈርሞበት፣ ምርመራው ሲመጣ ውሸት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ልጅቷን የማምጣቱ መንገድ ተዘግቷል። ምልክቱን ያደረገው እጅ የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ጋሼም አልተናገሩም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የሚያጽናና ነገር አገኘሁ መስሎኝ የድቧን ታሪክ ነገርኳቸው። በረዶ የጠገበውን መንገድ እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ድቢቱን ማን ጠየቃት?" አሉኝ።

"አልጠየቋትም።"

"ሰጧት፣ ላሰቻት፣ አለቀ" አሉ። ፊሊፕስ እስክንደርስ እያለቀስኩ ነበር የምነዳው፤ እንዳያዩኝ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ብርዱ ገባ፣ ዝጊው እንኳ አላሉኝም።

የውጤቱ ደብዳቤ ነቀምትም መሄዱን ያወቅነው ቆይተን ነው። በዚያ ቤት እንግሊዝኛ የምታነብ ልጅቷ ብቻ ናት። የመጣ ወረቀት ሁሉ የሚሰጠው ለእሷ ነው። ይህንንም አያቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ድምፅ አውጥታ አነበበችላቸው፤ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ መለሰችላቸው። እኔ ለጋሼ እንደማነብላቸው ማለት ነው።

ሦስት እሑድ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። በአራተኛው ተነሳ። ጋሼ ስልኩን እንደ ወትሮው ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ ሰላም አለች፤ ድምፅዋ የታረመ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ነበር። ጋሼ አንድ ነገር ጠየቋት፣ መለሰች። ሌላ ጠየቋት፣ መለሰች። ኦሮምኛ አልችልም፤ የማውቃትን አንዲት ቃል እጆቼን ጉልበቴ መሃል ከትቼ ጠበቅኩ። ስለ ትምህርት ይሁን ስለ ጤና እንጃ፣ አሥር ደቂቃ ያህል አወሩ። ቃሏ አልመጣችም።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። "ዛሬ መስመሩ ጥሩ አልነበረም" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ" አልኳቸው። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።