በካውያ የተተኮሰው ፎቶ

ዛሬም ከፕሪንተር የወጣ ትኩስ ወረቀት ሲሸተኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ማሽኑን ራሱን እየሸጥኩ ነው የምኖረው። ለገዢ እያሞካሸሁ ጣቴ ሳላዘው ወረቀቱን ይዳብሳል፤ ቀለሙ መያዙን ለማየት።

ያኔ ጌጃ ሰፈር ከጀለሴ ጋር አንዲት የጽሕፈት ሱቅ ነበረችን። ፕሪንተሩን «ያገለገለ ነው» ብለው ነበር የሸጡልን፤ ለካ ጡረታ የወጣ ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፊት ለፊታችን ጉሊት የምትሸጠው ሴት ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። አባቷ ጠዋት እንደወጡ አልተመለሱም። መርሳት ጀምረው ነበር፤ የቤታቸውን መንገድ ሳይቀር። ሰማዩ ጠቁሯል።

«ፎቶውን አውጡልኝ፣ በየአጥሩ ልለጥፍ። በናታችሁ፣ ሳይመሽ!»

ወረቀቱ ወጣ። ሽማግሌው ከነጋቢያቸው ቁልጭ ብለዋል። «አባዬ» ብላ ጉንጫቸውን ስትዳብስ ጉንጫቸው ከጣቷ ጋር ሄደ። ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ባዶ ወረቀት ሆነ። ጮኸች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ፣ ብርሃን «ድራም» በሚሉት ጥቅልል ላይ ምስሉን ይስላል፤ ጥቁር ዱቄት ብርሃኑ የነካውን ቦታ ብቻ መርጦ ይለጠፍና ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። እስከዚህ ድረስ ትንፋሽ የሚበትነው ዱቄት ነው። አቅልጦ የሚያጣብቀው መጨረሻ ላይ ያለው የጋለ ሮለር ነው። የኛው አልጋለም።

«ማሽኑ ጾም ይዟል» አለ ጀለሴ። ማንም አልሳቀለትም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘንድ ሮጥኩ። «ካውያዬን ብታበላሽ የለበስከውን ሱሪ ነው የምወስደው!» እያለ ሰጠኝ። ካውያውን ገልብጬ አጋልኩት። ጀለሴ ደጋግሞ እያተመ፣ ትንፋሹን ውጦ ወረቀቱን አንድ በአንድ በሁለት እጁ ያቀብለኛል፤ እኔ ጀርባውን በጋለው ብረት ላይ ቀስ አድርጌ አሳልፋለሁ። ዱቄቱ እንደ እርጥብ ነገር አብረቅርቆ ይረጋል። ወረቀቱ ጠርዝ ጠርዙን እያረረ ይሸታል። ውጭ ያንጎደጉዳል።

«ቀስ በልልኝ ወንድሜ፣ አባዬን እንዳታቃጥለው» ትላለች ከኋላዬ።

እየለጠፍን ሰንጋ ተራ ደረስን። ስንመለስ፣ ቅድም አንዱን የለጠፍንበት የግንባታ አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ ቆመው ፎቶውን ትክ ብለው ያያሉ። እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች። እሳቸው ግን ለማያውቁት ሰው በሚሰጥ አክብሮት ወደ እሷ ዞሩ።

«የኔ እመቤት፣ ይህን ሰው አላዩትም? ጠፍቶ ነው አሉ። ቤተሰቦቹ ምሳም አልበሉ ይሆናል።»

ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

«እኔም እሱኑ እየፈለግሁ ነው አባቴ። ይምጡ፣ አብረን እንፈልገው።»

ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸውም የእያንዳንዱን መንገደኛ ፊት እየመረመሩ ተከተሏት።